ጥቁር ውሃ መቼ ይኬዳል?

«እዚያ ቦታ መቼ ብሄድ ይሻለኛል?» ብላችሁ ስትጠይቁት፣ ሳያመነታ ወር ቆጥሮ የሚነግራችሁ ሰው ቦታውን አያውቀውም! በዚህ ነገር ከእኔ ጋር እንዳትከራከሩ። ከሰው ሰምቼ የምላችሁ አይደለም። እኔው ራሴ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳላመነታ ወር ስቆጥር የኖርኩ ሰው ነኝ።

እንደምታውቁት ላሊበላ ውስጥ የአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሥራዬ ቁልፍ መስጠት፣ ቁልፍ መቀበል፣ ሙቅ ውሃው የት እንደሄደ ለፈረንጅ ማስረዳትና... ስለ ጥቁር ውሃ ለሚጠይቅ ሁሉ መመለስ ነው። ጥቁር ውሃ ከአሸተን ማርያም በላይ ያለ የደጋ ሐይቅ ነው። አንዱን ዳገት ትወጣላችሁ፤ ከዚያ ሌላ ዳገት ትወጣላችሁ፤ «ተመስገን፣ አለቀ» ስትሉ ሦስተኛው ይጀምራችኋል። ከሦስተኛው በኋላ አንድ ሰፊ ሜዳ አለ፤ ሐይቁ እዚያ መሃል ላይ ቁጭ ብሏል... ይባላል። «ይባላል» ያልኩት አይቼው ስለማላውቅ ነዋ! ላሊበላ ተወልጄ፣ ላሊበላ አድጌ፣ ሦስተኛውን ዳገት አንድም ቀን ወጥቼው አላውቅም ነበር።

ታዲያ የሆቴላችን ባለቤት አንድ ቀን መጣና «በራሪ ወረቀት እናሳትም፤ ስለ ጥቁር ውሃ አንድ ነገር ጻፍ። አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ሰው አይደለህ?» አለኝ። ጻፍኩ! ከወንበሬ ሳልነሳ፣ ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ጻፍኩ። «ጥቁር ውሃ ሐይቅ ዓመቱን ሙሉ ለጎብኚዎች ክፍት ነው። ለጉብኝት ትክክለኛው ወቅት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው።» ወራቱን ከየት አመጣሃቸው ትሉኝ ይሆናል። ስለ ሌላ ሐይቅ ከተጻፈ ሌላ ወረቀት ላይ ነው የገለበጥኳቸው። ሐይቅ ያው ሐይቅ ነው ብዬ!

እግዜር ግን ዝም ብሎ አያልፍም። ብርቄን አመጣብኝ።

ብርቄ እዚሁ ከተማ አስተማሪ ናት። እንዴት እንደተዋወቅን ልተወው፤ ዓምዱ አይበቃኝም። ዋናው ነገር ተስማማን፤ ከተስማማን በኋላ ደግሞ «አባትሽ የት ነው የሚኖሩት?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ጥቁር ውሃ አፋፉ ላይ።»

«የእኛው ጥቁር ውሃ? በራሪ ወረቀቱ ላይ ያለው?»

«የማን ነው የእናንተ ያደረገው?» አለችኝ። «አባቴ ያለ ሽማግሌ አይሰማም፤ ሽማግሌ ላክ። አንተ ግን አብረህ እንዳትሄድ፤ ነውር ነው። ስማ... እንዳትሄድ ብያለሁ!»

እንዲህ ሆኖ «ጥቁር ውሃ መቼ ይኬዳል?» የሚለው ጥያቄ ስድስት ዓመት ሌላውን ሰው ሲያስጨንቅ ቆይቶ በመጨረሻ የእኔው ጥያቄ ሆነ።

ሽማግሌ ማግኘቱ አላስቸገረኝም። የነፍስ አባቴ አባ ተክሌ እሺ አሉኝ፤ በቅሎም ያላቸው እሳቸው ናቸው። ጡረታ የወጡት መምህር ጋሽ አስራት ገና ነገሩን ሳልጨርስላቸው «ንግግሩን ለእኔ ተወው» አሉ። ጋሽ አስራት ንግግር ይወዳሉ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ እጃቸውን ካወጡ ሰብሳቢው ራሱ ወንበር ፈልጎ ይቀመጣል። ሦስተኛው አያ ካሳ ናቸው። «መንገዱን እንደ ቤቴ ደጃፍ ነው የማውቀው» አሉኝ። መጨረሻ የሄዱት መቼ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ... አልጠየቅኩም።

የቀረው ወቅቱን መምረጥ ብቻ ሆነ። በራሪ ወረቀቴ ከጥቅምት እስከ የካቲት ስለሚል፣ በጥር ቅዳሜ ገበያ ገብስ ይዘው ከወረዱ የደጋ ሰዎች ለአንዱ መልእክት ሰጠሁ። «ለብርቄ አባት ለአቶ ምስጋናው ንገርልኝ፤ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው።» ምላሹ በሳምንቱ ቅዳሜ መጣ። «በጥር ሐይቁ ይጎድላል። እንግዳ እቤቴ መጥቶ ጭቃ አይቶ አይመለስም። ሲሞላ ይምጡ።»

ይኸውላችሁ! ሰውዬው ልጃቸውን ሲጠየቁ የሚያስቡት ስለ ሐይቃቸው ነው።

ሐይቁ የሚሞላው በነሐሴ ነው አሉኝ። ነሐሴን ላክሁ። «ፍልሰታ ነው። ሽማግሌ በጾም ምን ይቀርብለታል? ደግሞም ወንዙ ይወስዳችኋል፤ ወንዙ ባይወስዳችሁ ጉሙ ይሰውራችኋል» የሚል መጣ። ጥቅምትን ላክሁ። «ያን ጊዜ ገብሱ ይደርሳል፤ ውርጭ ሳይመታው ማጨድ አለብኝ።» ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ሰውዬው ቢፈቅዱ እንኳ እኔ አልችልም፤ ለገና ሆቴላችን እንኳን አልጋው በረንዳው ይያዛል። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ከፋሲካ በኋላ ብልክ «ሐይቁ አሁን ላም የምትረግጠው ሆኗል» ተባልኩ። ሰኔ ያው የሰኔ ጾም!

በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ ግምገማ ላይ ነበር። እኔም የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አወረድኩና ወራቱን አስቀምጬ ገመገምኳቸው። ጥር ጎድሎ በመገኘቱ ሂስ ቀረበበት። ነሐሴ ጉምና ጾም ደርቦ በመያዙ ተተቸ። ሰኔ ድክመቱን አመነ። ግንቦት ሂሱን ባይቀበልም ጭቃው መሰከረበት። አሥራ ሦስቱም ወር ተገምግሞ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ተገኘች፤ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ያሉት ስምንት ቀናት። ሐይቁ ሙሉ ነው፣ ወንዙ ጎድሏል፣ ገብሱ ገና አልደረሰም፣ አባ ተክሌ የሚጾሙት የጽጌ ጾምም አልገባም። ከስምንቱ ረቡዕና ዓርብን ስታወጡ ምን ቀረ? የቀረውን ያዝኩና መልእክት ላክሁ። አቶ ምስጋናው ለመጀመሪያ ጊዜ «ይምጡ» አሉ።

«ይምጡ» ብቻ! ሌላ ነገር አልጨመሩም። ያልጨመሩት ነገር ምን እንደነበረ እዚያ ስትደርሱ ታዩታላችሁ።

በመስቀል ማግስት ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በቅሎዋ ተጭና፣ ሁሉ ነገር ዝግጁ ሆነ። በቅሎ ነጂው ብቻ ቀረ። ሲፈለግ የመስቀል ጠላ ሆዱን አገላብጦት ቤቱ ተኝቷል! ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔም ተያየሁ፤ ከማን ጋር እንደሆነ እንጃ። ስምንቷ ቀን ታየችኝ። ካለፈች ደግሞ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነው። ብርቄ ደግሞ ያን ሰሞን «አክስቴ ደሴ ያለውን አንድ ሰው እያነሳችብኝ ነው» ብላኝ ነበር። ሳቅ ብላ ነው ያለችኝ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ብዙም አልተኛሁም።

«እኔ እነዳለሁ» አልኩ።

«ነውር ነው!» አሉ አባ ተክሌ።

«እኔ መሆኔን ማን ያውቃል? አይተውኝ አያውቁም።»

የሆቴል ሸሚዜን አውልቄ አሮጌ ጋቢ ከሰው ተውሼ ለበስኩ፤ የኮንጎ ጫማ ተጫማሁ፤ ዱላ ያዝኩ። በቅሎ ነጂ መነጽር አያደርግም ብዬ መነጽሬን ኪሴ ከተትኩት። ልብ በሉ፤ ያለ መነጽር ከዚህ ወንበር ሆኜ የሆቴሉን በር አላየውም። እንግዲህ ዓይኑ የማያይ ሰው ከፊት ሆኖ፣ መንገድ አውቃለሁ የሚል ሰው ከኋላ ሆኖ፣ ጉዞ ጀመርን።

አሸተን ማርያምን በቀኝ ትተን ወጣን። ጋሽ አስራት ዳገቱን ሁሉ ንግግራቸውን ሲለማመዱ ነው የወጡት። «የተከበሩ አቶ ምስጋናው፣ ከረጅም መንገድ የመጣነው ስለ አጭር ቃል ነው...» ይላሉ፤ ከዚያ አጭሩ ቃል አንድ ሰዓት ይፈጃል። የአባ ተክሌ አንድ ዘመድ ቤት አድረን በማግስቱ ሦስተኛውን ዳገት ስንጨርስ ጉም ተቀበለን። ነሐሴን ሸሽተን መስከረም ስንመጣ ነሐሴ እዚያው ላይ ተቀምጦ ጠበቀን! ከበቅሎዋ ጆሮ ወዲያ የሚታይ ነገር የለም።

«በዚህ በዚህ» አሉ አያ ካሳ። «መንገዱ ዙሪያውን ነው የሚሄደው፤ ግማሽ ቀን ይፈጃል። እኛ ልጆች ሳለን በዚህ ነበር የምናቋርጠው።»

አቋረጥን። ሳሩ እስከ ጉልበት ነው፤ ለስላሳ፣ ጤዛ ያዘለ፣ ደስ የሚል። በቅሎዋም ደስ ብሏት አንገቷን ደፍታ ትግጣለች። «ብይ እናቴ፤ ዛሬ የደስታ ቀናችን ነው» አልኳት። ብይ ብያታለሁ፤ በኋላ ይህን አልካድኩም።

«ቁም! ማነህ አንተ!»

ከጉሙ ውስጥ አንድ ሰው ወጣ። ጥቁር በርኖስ ለብሷል፣ ዱላው ከእኔ ዱላ በእጥፍ ይወፍራል።

«ተየት ናችሁ?»

«ከላሊበላ ነን» አሉ ጋሽ አስራት ጉሮሯቸውን ጠርገው። «ለትልቅ ጉዳይ ነው የመጣነው።»

«ትልቁ ጉዳይ ይኸው በበቅሏችሁ አፍ ውስጥ ነው! ጓሳ ላይ ቁማችኋል እኮ!»

አባ ተክሌ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። እኔ የከተማው ልጅ ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። ጓሳ የደጋው ሰው ቤቱን የሚከድንበት፣ ቤተ ክርስቲያኑን የሚከድንበት፣ ገመዱን የሚገምድበት፣ በክፉ ዓመት ደግሞ ከብቱን የሚያተርፍበት ሳር ነው። ስለዚህ አገሩ ተሰብስቦ ይዘጋዋል። ጓሳ ከተዘጋ እስኪከፈት ድረስ ሰውም ከብትም አይረግጠውም፤ ጠባቂ አለው፣ ዳኛ አለው። ዳኛ ሲፈርድ ይግባኝ የለም። ጥቁር ውሃ ደግሞ ዙሪያውን ጓሳ ነው፤ የሚከፈተውም ጥር ሲያልቅ ነው፤ ሐይቁ ጭቃ ከሆነ በኋላ ማለት ነው። አቶ ምስጋናው ይህን ያልነገሩን ደብቀውን አይደለም። ጓሳ መዘጋቱን የማያውቅ ሰው በምድር ላይ አለ ብለው አስበው አያውቁም!

እኔ ደግሞ «ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው» ብዬ አሳትሜያለሁ። በሁለት ቋንቋ!

«ወደ ዳኛው ቅደሙ» አለ ጠባቂው።

«ዳኛው ማን ናቸው?» አልኩት።

«አያ ምስጋናው ናቸዋ! ሌላ ማን ይሆናል?»

አስቡት እንግዲህ... ዓመት ሙሉ ወር ስመርጥ ከርሜ፣ የልጃቸውን እጅ ልጠይቅ የመጣሁትን ሰውዬ የማገኛቸው እንደ ተከሳሽ ነው! ያውም በሌላ ሰው ጋቢ!

ዳኛው ከአንዲት ጎጆ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። ያለ መነጽር የሚታየኝ ጥቁር በርኖስና ከውስጡ የሚወጣ ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ ግን ይበቃል!

አባ ተክሌ መስቀላቸውን አወጡ። ሰውዬው ብድግ ብለው ተሳለሙና ተመልሰው ተቀመጡ። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ቤት ግቡ አልላችሁም። የጓሳ ነገር ሳይቋጭ ዳኛ ከተከሳሽ ጋር ውሃ አይጠጣም።»

«እኛ እንኳ የመጣነው ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር» አሉ ጋሽ አስራት። «የተከበሩ አቶ ምስጋናው፣ ከረጅም መንገድ የመጣነው ስለ አጭር...»

«ሌላውን አልሰማም። በቅሎዋን ይነዳ የነበረው ማነው?»

ሦስቱም ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። በቅሎዋ ራሷ ዞረች መሰለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ብላለች?»

«በልታለች።»

«ከልክለሃታል?»

«ብይ ብያታለሁ።»

ከዳኛው ጎን ከተቀመጡት አንዱ ሳል አደረገ፤ ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁም። አቶ ምስጋናው ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ሕጉ ይኸ ነው» አሉ። «መንገደኛ ከሆንክ በመጣህበት ትመለሳለህ፤ ጓሳው እስኪከፈት እዚህ ድርሽ አትልም። ይኸው ነው፤ ቅጣት የለብህም። የእኛ ሰው ከሆንክ ግን ትቀጣለህ፤ ሰባት ቀን ጓሳ ትጠብቃለህ። መንገደኛ ምን ያውቃል? የቤት ሰው ነው እያወቀ የሚያጠፋ። በል ንገረኝ፤ መንገደኛ ነህ ወይስ የእኛ ሰው?»

«መንገደኛ ነው! ምንም የማያውቅ መንገደኛ ነው!» አሉ ጋሽ አስራት ተሽቀዳድመው። ያዳኑኝ መስሏቸው ፊታቸው በራ።

«እንግዲያስ ሁላችሁም መንገደኛ ናችሁ። በመጣችሁበት በሰላም ተመለሱ።»

«ጉዳያችንስ?»

«ለመንገደኛ ጉዳዩ አለቀ። ጓሳው ሲከፈት ትመጣላችሁ።»

ጓሳው ሲከፈት ደግሞ ሐይቁ ጭቃ ነው! ሐይቁ ጭቃ ሲሆን እንግዳ አይቀበሉም! ሲሞላ ይዘጋል፣ ሲከፈት ይጎድላል... የግድግዳው የቀን መቁጠሪያ በዓይኔ ላይ ዞረ። ጾሙ፣ ገብሱ፣ ጉሙ፣ ጭቃው። ደሴ ያለው ሰውዬ መኪና ተሳፍሮ ሲመጣ ታየኝ። አያ ካሳ በቅሎዋን ማዞር ጀምረዋል። አባ ተክሌ አቀርቅረዋል። እኔ በሕይወቴ ደፋር ሰው አይደለሁም፤ ሙቅ ውሃ የጠየቀ ፈረንጅ ሲቆጣ ጓዳ የምገባ ሰው ነኝ። ግን ብርቄን ማጣት አልቻልኩም፤ ከዚያ በላይ የማብራራው ነገር የለኝም።

«መንገደኛ አይደለሁም!» አልኩ።

ድምፄ ከአፌ እንደወጣ ራሴን አስደነገጠኝ።

«እንዴ!» አሉ አቶ ምስጋናው። «የማን ነህ ታዲያ?»

በአገራችን ይህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው። የአባትህን ወይም የምትጠጋበትን ቤት ስም ትጠራለህ። በዚያ ደጋ ላይ ደግሞ ከበቅሎዋ በቀር የማውቀው የለኝም።

«የእርስዎ ነኝ» አልኩ።

መነጽሬን ከኪሴ አውጥቼ አደረግሁት። ተፈርዶብኝ ከተባረርኩ እንኳ የፈረደብኝን ሰው ልየው ብዬ ነው። አየኋቸው። የብርቄ ዓይን፣ የብርቄ አፍንጫ፣ ስትቆጣ የምታደርጋት የግንባሯ መስመር ሳትቀር... ጺም አብቅላ ተቀምጣለች!

«በቅሎ ነጂ መነጽር አለው እንዴ?» አለ ጠባቂው።

አቶ ምስጋናው ከኮንጎ ጫማዬ ጀምረው እስከ መነጽሬ ቀስ ብለው አዩኝ። «አንተ... ሆቴል ያለኸው ልጅ ነህ? ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ መልእክት ስትጭንብኝ የከረምከው?»

«አዎ።»

«ሽማግሌ ልከህ፣ አንተም ሽማግሌህን ተከትለህ መጣህ?»

«በቅሎ ነጂው ሆዱን አሞት ነው።»

«ነውር መሆኑን አታውቅም?»

«አውቃለሁ። ልጅዎም እንዳትሄድ ብላኝ ነበር።»

«እሷንም አልሰማህ!»

እያባባስኩት ነበር። ሰውዬው ዱላቸውን አገላበጡ። ከዚያ ተነሱና «ሰባት ቀን!» አሉ። «ሰባት ቀን ጓሳ ይጠብቅ!»

«ኧረ በእግዚአብሔር!» አሉ አባ ተክሌ። «ለአንድ ጉርሻ ሳር ሰባት ቀን? መንገደኛ በነጻ ይሸኛል ብለው አልነበረም እንዴ? ይኸ ልጅ ምን...» ድንገት ቆሙ። «ቆይማ... በየትኛው ሕግ ነው የፈረዱበት?»

«በየትኛው ልፈርድ ኑሯል አባቴ? የእርስዎ ነኝ አለኝ እኮ!»

ከጎጆዋ ውስጥ እልልታ ወጣ። የብርቄ እናት ከበሩ ኋላ ሆነው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲሰሙ ነበር! አባ ተክሌ «ተመስገን» እያሉ መስቀላቸውን ለበቅሎዋ ጭምር አሳለሙ። እኔ አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃችኋለሁ? በሰባት ቀን ቅጣት ደስ ብሎት የሚያለቅስ ተከሳሽ ያ ጓሳ አይቶ አያውቅም።

የተጎዱት ጋሽ አስራት ብቻ ናቸው። «ንግግሬስ?» አሉ። «ገና መግቢያውን ነው የጀመርኩት!» አቶ ምስጋናው ግን «ተፈርዷል፤ አሁን ግቡና ብሉ» አሏቸው። ሲመለሱ ቁልቁለቱን ሁሉ ለበቅሎዋ ነገሯት አሉ። እስከ መጨረሻው ያዳመጠቻቸው እሷ ብቻ ናት።

ሽማግሌዎቹ ወረዱ፤ እኔ ቀረሁ። ወሬው ከተማ ሲደርስ ምን ሆኖ እንደደረሰ ገምቱ። «ተፈርዶበታል» ብለው ነው የተናገሩት፤ ገበያው ጫፍ ሲደርስ «ታስሯል» ሆነ፤ ሆቴላችን ሲደርስ ባለቤቱ ቦታዬን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ማስታወቂያ መጻፍ ጀምሮ ነበር። አንዷ የብርቄ ባልደረባ ሮጣ ክፍል ገብታ «አባትሽ እኮ ፈረዱበት!» ስትላት፣ ብርቄ ጠመኔዋን አስቀምጣ እስኪያማት ሳቀች። «አባቴ የሰው ልጅ አይቀጣም» አለች። «የሚቀጣው የራሱን ብቻ ነው።» ያን ቀን ተማሪዎቹን ቀደም ብላ ለቀቀቻቸው አሉ።

እኔ ደግሞ በአማቼ በርኖስ ተጠቅልዬ፣ አንዲት ትንሽ የሳር ጎጆ ደጃፍ ተቀምጬ ጓሳ እጠብቃለሁ። ጉም ነው። ሁለተኛ ቀን ጉም ነው። ሦስተኛ ቀን ዝናብ ጨመረበት። የዝይ ድምፅ እሰማለሁ፣ የውሃ ሽታ ይሸተኛል፤ ሐይቁ ግን የለም። ወደ ፊቴ አፍጥጬ አፍጥጬ ዓይኔ ደከመ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገለጠ። አየሁ... ሳር! እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ሳር ብቻ! «ሐይቁም ውሸት ነው ማለት ነው» ብዬ በተስፋ መቁረጥ ፊቴን ሳዞር፣ ከኋላዬ ሃያ እርምጃ ላይ ቁጭ ብሏል። አምስት ቀን ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼው ኖሬአለሁ!

ትንሽ ነው። ከኳስ ሜዳ ቢበልጥ በጥቂት ነው። ጥቁር ነው፤ ዝም ያለ ነው፤ ዳር ዳሩን ዝይዎች ይሄዱበታል። በራሪ ወረቀቴ ላይ «ግዙፍና ማራኪ» ብዬ መጻፌ ትዝ አለኝና አፈርኩ። አማቼ መቼ እንደመጡ ሳላውቅ አጠገቤ ቆመዋል።

«እንዴት ነው?» አሉኝ።

ሌላ አማች ቢሆን «ወይ ግሩም!» ይል ነበር። እኔ ግን አፌ አመለጠኝ። «ትንሽ ናት» አልኩ።

«ትንሽ ናት» አሉ ሳይቆጡ። «ለዚያ ነው የምንጠብቃት። ትልቅ ብትሆን ኑሮ እኛን ምን አስቸገረን?»

በስድስተኛው ቀን አንዲት ፈረንጅ ከአስጎብኚ ጋር ጓሳው ጫፍ ላይ ብቅ አለች። ሮጥኩና «ቁም! ማነህ አንተ!» አልኩ፤ በዚያ በርኖስ ውስጥ ድምፄ ራሱ ወፍሯል። አስጎብኚው የከተማችን ልጅ ነው፤ አልለየኝም። «ጌታዬ፣ ክፍት ነው ብለውን ነው የመጣነው» አለና የእኔን በራሪ ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ።

ጠባቂው ጓደኛዬ ማንበብ አይችልም። «ምን ይላል?» አለኝ።

«ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው ይላል።»

«ማነው ይኸን የጻፈው?»

«አንድ መንገደኛ ነው» አልኩት።

ዙሪያውን በሚሄደው መንገድ እንዲመለሱ አደረግናቸው። ፈረንጇ ሳትቆጣ «እንግዲያስ ትክክለኛው ወቅት መቼ ነው?» ብላ በአስጎብኚው በኩል ጠየቀችኝ። ስድስት ዓመት ሳላመነታ የመለስኩት ጥያቄ ነው። አሁን ግን ወራቱ ሁሉ ተራ በተራ ጾማቸውን፣ ገብሳቸውንና ጭቃቸውን ይዘው መጡብኝና፣ «ምን ልትሠራ ነው የምትመጣው?» ብዬ ጠየቅኋት።

ጥር ላይ ተጋባን። ሐይቁ ጭቃ ስለነበረ አማቼ ሠርጉ ላሊበላ እንዲሆን አዘዙ። ከሠርጉ በኋላ በራሪ ወረቀቱን እንደገና ጻፍኩትና ለሆቴላችን ባለቤት ሰጠሁት። አነበበና መነጽሩን አወለቀ። እንዲህ ይላል፦ «ጥቁር ውሃን ለመጎብኘት ትክክለኛው ወቅት፦ መንገደኛ ከሆኑ ጓሳው ሲከፈት። ቤተሰብ ከሆኑ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ሰባት ቀን፤ መነጽርና በርኖስ ይዘው ይምጡ።»

«ሁለተኛውን ማን ያነበዋል?» አለኝ።

«እኔ» አልኩት።

እነሆ በየዓመቱ፣ የመስቀል ደመራ አመዱ ሳይቀዘቅዝ፣ ሦስቱን ዳገት እወጣለሁ። ፍርዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር። አማቼ ግን እስከ ዛሬ «በቃህ» አላሉኝም... እኔም አልጠየቅኳቸውም።